ቁልፉ ተነቅሎ ያልጠፋው ሞተር

ወገዳ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ የመኪና ኮፈን ተከፍቶ ጎንበስ ብዬ ውስጡን አይቼ አላውቅም ነበር። ኮፈኑ የባለቤቴ ነው። ደብል ጋቢና አሮጌ ፒክአፕ አለን፤ እሱ ከወገዳ ንፋስ መውጫ፣ አንዳንዴም እስከ መካነ ኢየሱስ ሰውና እህል ያመላልስበታል። ሰሌዳው የኔ፣ ሞተሩ የእሱ። እንዲህ ይሁን ብሎ ያወጀ ማንም የለም፤ ግን ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን አጥር አንዘልም ነበር።

አጥሩን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለብዙ ጊዜ እንዲያ ነበር የማምነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱን አጨማዶ ገባ። መኪናው ዳገት ላይ ሰንፏል፤ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ከፊት በኩል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያወጣል። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያየው ኢንተርኩለሯ ከጥጓ ተሰንጥቃለች። ኢንተርኩለር የምትባለው ራዲያተር የመሰለች፣ ስስ ስስ ክንፎች ያሏት ዕቃ ናት። ቱርቦ የሚባለው ማራገቢያ በሞተሩ ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይሰዳል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። ያ የጋለ አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በእሷ በኩል አልፎ ይበርዳል። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ባለቤቴ ነው፤ ያን ቀን ማታ፣ እራት ላይ።

የወገዳ በያጅ ብረት እንጂ አሉሚኒየም አይበይድም። ባሕር ዳር ማዘዝ ይቻላል፤ ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። የታዘዘ ዕቃ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ብነቅላትስ?» አለ። «ነቅዬ በቦታዋ ቱቦ ብቀጥልበትስ? አየሩ ከቱርቦው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይግባ።»

«ሥራዋ አየር ማብረድ ብቻ ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል? እዚህ አገር አየሩ መቼ ሞቆ ያውቃል? ከንፋስ መውጫ የሚወርደው ብርድ ራሱ አይበቃም? በረሃ የሚነዳ ሰው ይጨነቅ እንጂ።»

የክፍል ድምፄን አውጥቼ ነበር የተናገርኩት፣ ተማሪ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝ ይመስል። እሱ ጎረሰ።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ኢንተርኩለሯን ነቅሎ ግቢው ውስጥ አገኘሁት። ዘንበል ሲያደርጋት የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ጥቁር ዘይት መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘይት ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ከአሮጌ የመስኖ ፓምፕ ላይ የተቆረጠ የብረት ቱቦ አመጣ። ጫፍና ጫፉን በወፍራም የጎማ ቱቦ ቀጠለው፤ ማጥበቂያውን አጠበቀ። መኪናው ተነሳ። ሄደ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሲሄድ አየሁና ደስ አለኝ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ነዳው። ዳገት ላይ እንደ ድሮው አይወጣም፤ ከኋላው የሚለቀው ጭስ ጠቁሯል። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ባልደረባዬ «የባልሽ መኪና የከሰል ክምር ሆነች እኮ» ብሎ ሲቀልድብኝ፣ ጠመኔ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ እየሳልኩ አስረዳሁት። የደጋው ብርድ የዕቃዋን ሥራ እንደሚሠራላት፣ ጭሱ ትንሽ ነዳጅ ስለበዛ ብቻ እንደሆነ። ባልደረባዬ አምኖኝ ራሱን ነቀነቀ። ያን የራስ መነቅነቅ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። እኔ ንፋስ መውጫ ላይ የመምህራን ሥልጠና ነበረብኝና ከባለቤቴ ጋር አብሬ ሄድኩ። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተሳፍረዋል። አንደኛው የኔታ ናቸው፤ እዚያው ወገዳ አቅራቢያ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ዓይናቸው እየደከመ የመጣ አዛውንት። ለዓይናቸው ሕክምና ነው የሚሄዱት። ሁለተኛዋ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ጋር እኩያ የምትሆን ሙስሊም ሴት፣ ወገዳ ገበያ ላይ ሱቋ ከትምህርት ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ በየቀኑ ሰላም የምንባባል። ጣቃ ጣቃ አቡጀዴዋን አሳስራ መጫኛው ላይ፣ ባለቤቴ ከጫናቸው የምስር ጆንያዎች ላይ ደርባዋለች።

መንገዱን ሁሉ የኔታ ስለ ዓይናቸው ያወሩ ነበር። «ፊደሉ ከነደመናው ነው የሚታየኝ» ይላሉ። ነጋዴዋ «አላህ ይማርዎት አባቴ» ትላቸዋለች። ወንዙን ተሻግረን ትልቁን ዳገት ስንጀምር ወሬው ቆመ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ባለቤቴ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረደው። መኪናው እየተንፏቀቀ ይወጣል፤ በእግሩ የሚሄድ አንድ ገበሬ እንኳ ጎን ለጎናችን ብዙ ርቀት ሄደ።

በድንገት ሞተሩ ጉልበት አገኘ። ማንም ያልሰጠው ጉልበት። መኪናው ወደፊት ተወረወረ፤ ገበሬው ከኋላችን ቀረ።

«አየሽ!» አለኝ ባለቤቴ ሳቅ ብሎ፣ «ተነሳ!»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሳ አየሁት። ሙሉ በሙሉ አነሳው። የሞተሩ ድምፅ ግን አልወረደም፤ ወጣ።

«እግሬን አንስቻለሁ» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ሞተሩን ከጎማው ለማላቀቅ ፍሪሲዮን ረገጠ። ጩኸቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከብረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ቢሆን ያን ያህል ለመጮህ ትንፋሽ አይበቃውም። ባለቤቴ መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ቁልፉን አዞረ። ፊት ለፊታችን ያሉት መብራቶች ሁሉ ጠፉ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቀለው፣ በእጁ ያዘው፣ አየው። ሞተሩ ይባስ ጮኸ።

የተነቀለ ነገር ይጠፋል። ሬዲዮ ይጠፋል፣ አምፖል ይጠፋል። ይህ ለእኔ ከትምህርትም በፊት የነበረ እምነት ነው። እዚያ ተቀምጬ ባለቤቴ እጅ ላይ ያለውን ቁልፍ እያየሁ፣ የእግሬ ስር ወለል ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ፣ የማውቀው ዓለም ከሥሩ ተነቅሎ ሌላ ነገር የተተከለ መሰለኝ። በዚያች ሰዓት ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር የሥልጠና ወረቀቶቼን አስተካክዬ ቦርሳዬ ውስጥ መክተት ነው። ጠርዛቸውን እኩል አድርጌ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ውረዱ!» ብሎ ጮኸ ባለቤቴ። «ሁላችሁም ውረዱ!»

ስንወርድ መንገዱ የለም። ነጭ፣ ሰማያዊ የመሰለ ጭስ ዳገቱን ሸፍኖታል። የኔታ በጭሱ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው «ምን መጣ? ምንድን ነው የመጣው ልጆቼ?» ይላሉ። እኔ ሄጄ መያዝ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ እግሬ አልታዘዘኝም። ነጋዴዋ ናት እጃቸውን ይዛ «ይምጡ አባቴ፣ ከእኔ ጋር ይምጡ» እያለች ከመንገዱ በላይ ካለ ትልቅ ቋጥኝ ኋላ ወስዳ ያስቀመጠቻቸው። «እግዚኦ፣ እግዚኦ» የሚለው ድምፃቸው ከዚያ ወዲያ ይሰማኝ ነበር፤ ከሞተሩ ጩኸት ሥር፣ ቀጭን ሆኖ።

ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቷል። የናፍጣውን ቱቦ በእጁ ጎትቶ ነቀለው። ናፍጣው እጁ ላይ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ግን ቀጠለ። ሌላ ነገር ሊይዝ እጁን ሲሰድ የጋለው ብረት መዳፉን ጠበሰውና ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። አስራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ በይ ንገሪኝ የሚል አስተያየት ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ነጋዴዋ ተመልሳ አጠገቤ ቆማለች። ጆሮዬ ላይ አፏን ገጥማ ጮኸች፦

«ናፍጣው ከተቋረጠ ምን እየበላ ነው ይሄ?»

«ዘይት!» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጭሱ እንደ ዘይት ጭስ ይሸታል፤ ከዚያ ነው የገባኝ። «የራሱን ዘይት እየበላ ነው!»

«ዘይቱን መንጠቅ አይቻልም?»

«አይቻልም!»

«ሌላስ? ሌላ ምን ይፈልጋል?»

«አየር!»

«መምህርት፣ ታዲያ አፉን እንዝጋዋ!»

እንዲህ ብላ ስትነግረኝ ፊቷ ላይ መገረም ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት አጣሽው የምትል ዓይነት። አየር ያጣ እሳት እንደሚሞት ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ? ሻማ በብርጭቆ ደፍቼ ተማሪ ፊት ስንት ጊዜ አጥፍቻለሁ? እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ እሷ ሮጣ መጫኛው ላይ ወጣች። የእሽጉን ገመድ በጥርሷ ፈትታ አንድ ጣቃ አቡጀዴ ታቅፋ ወረደች። «አፉ የቱ ነው?» ብላ ባለቤቴን ጠየቀችው። እሱ ባልተቃጠለው እጁ ጡጫ የአየር ማጣሪያውን ክዳን መትቶ ጣለና ጠቆማት።

ጨርቁን እንደታጠፈ ቀዳዳው ላይ ጫነችው። ሞተሩ ጎተተው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አቡጀዴው ክንድ ክንድ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የራበው አውሬ እየዋጠ ያለ ይመስላል። እሷ ደግሞ እየጨመረች፣ እየጠቀጠቀች «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ትላለች። እኔም በመጨረሻ እግሬ ተላቀቀና ሄጄ ከላይ ሆኜ በሁለት እጄ ጨርቁን ያዝኩ። ድምፁ ተቆራረጠ። መኪናው እንደሚያስነጥስ በሬ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ጸጥታው ራሱ አስደነገጠን። ጆሮዬ ውስጥ ጩኸቱ አልቆመም ነበርና፣ ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አያለሁ እንጂ አልሰማም። የመጀመሪያው የሰማሁት ድምፅ የየኔታ ነው፤ ከቋጥኙ ኋላ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?»

«ሞተ የኔታ፣ ሞተ!» ብዬ ጮህኩ።

በተሰበረ ድምፅ «ማን?» አሉ።

«ሞተሩ! ሞተሩ ነው የኔታ!»

ሄጄ አነሳኋቸው። «ባልሽ መስሎኝ» አሉ። «ባልሽ ነው የመሰለኝ፣ ልጄ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቋጥኙ አዙረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። ባለቤቴ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ስቀመጥ ያልተቃጠለው እጁ አሁንም እንደተጨበጠ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፤ ቁልፉ ውስጥ ነበር፤ ጥርሶቹ መዳፉ ላይ ታትመዋል።

አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ንፋስ መውጫ አደረሰን። ነጋዴዋ ስለ ጨርቋ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ ሳነሳባት «ሰው ተርፎ ስለ አቡጀዴ ታወሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

መካኒኩ ሞተሩን የፈታው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጠርቶ አሳየን። ከአራቱ ፒስተኖች የአንዱ አናት ቀልጧል፤ ጎኑ እንደ ጧፍ ወርዶ ረግቷል። በጣቴ ነካሁት። ብረት ነው ብዬ የማውቀው ነገር እንደዚያ ሆኖ ሳየው፣ እኛ ደግሞ ከዚያ ነገር በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠን ስንስቅ እንደነበር ሳስብ ጣቴን ሰበሰብኩ።

«ኢንተርኩለሯ የት ሄደች?» አለ መካኒኩ።

ባለቤቴ ነገረው።

«ስትነቅላት ውስጧ ዘይት አልነበረም?»

«ነበር።»

«በል እንግዲህ። ቱርቦው ያኔም ዘይት ያፈስ ነበር። እሷ ሆድ አላት፤ እያጠራቀመች ትይዝልህ ነበር። ቀጥታ ቱቦ ስትቀጥልበት ዘይቱም ቀጥታ ገባ። ደግሞ ያለ እሷ ሙቀቱ በዛ፣ ቱርቦው ጨርሶ ተበላ፣ ዘይቱን ለቀቀው።»

እኔ መሐል ገባሁ። «ብርድ አገር አይደለም እንዴ? አየሩ ከውጭ ሲገባ ቀዝቃዛ ነው እኮ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «እህቴ፣ ብርዱን ተይው። እዚህ ጋይንት አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦው ያንን ሳሳ ያለ አየር ለመሙላት ከቆላው አብልጦ ነው የሚሽከረከረው፣ አብልጦ ነው የሚጨምቀው። ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል። እንዲያውም እዚህ ነው እሷ የምታስፈልገው።»

ይህ ትምህርት የእኔ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል። በየዓመቱ እጽፈዋለሁ፣ በየዓመቱ እፈትናለሁ። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ቀን እንኳ አንድ ላይ አስቀምጬ እንዳላሰብኳቸው ገባኝ።

«ለመሆኑ ማነው ንቀላት ያለህ?» አለ መካኒኩ።

ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረም። «እኔ ነኝ» አለ። «በራሴ ነው።»

ያንን «እኔ ነኝ» ለወራት ተሸክሜው ዞርኩ። ሸፈነኝ ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ የጋዝ ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ርዕሱን ጽፌ እጄ ቆመ። ተማሪዎቹ ያመመኝ መስሏቸው መስኮት ከፈቱልኝ። ባሌ ሲበላ አየዋለሁ፣ መዳፉ ላይ ያለውን ጠባሳ አያለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ እላለሁ። እንደ አዲስ ወደድኩት ማለት ይቻላል። ደግሞ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ።

ሌላ አሮጌ ሞተር ተገኝቶ፣ አዲስ ኢንተርኩለርም ከባሕር ዳር መጥታ ባለቤቴ ሲገጥማት፣ ዕቃዋን ጭኔ ላይ ይዤለት ተቀምጬ ጠየቅኩት።

«መካኒኩ ያን ቀን ሲጠይቅህ ለምን እኔ ነኝ አልከው?»

«እኔ ስለሆንኩ ነዋ።»

«አገሩ ብርድ ነው፣ አታስፈልግም ያልኩህ እኔ አይደለሁም?»

ቀና አለ። «መቼ?»

«እራት ላይ! ልንቀላት ወይ ስትለኝ።»

አሰበ። የእውነት አሰበ። «እኔ እኮ ያኔ ቱቦውን ከየት እንደማመጣ ነበር የማስበው። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ቃል በቃል ደገምኩለት። እያዳመጠ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄማ ልክ አይደለም» አለ።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ወጣኝ። እሱ ግን አልሳቀም። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዘይቱን ሳየው አውቄያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቱርቦው እንደታመመ ያን ቀን ጠዋት አውቄያለሁ። እስከ ፋሲካ ይገፋልኛል ብዬ ነው።»

«አውቀህ?»

እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አውቀህ እኔን ከፊት አስቀመጥከኝ? የኔታን? እሷን?»

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ቢበዛ መንገድ ላይ ይቆማል ነበር ያልኩት።»

ኢንተርኩለሯን ከጭኔ ላይ አውርጄ ተነሳሁ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ቀን የተቃጠለው መዳፉ መፍቻ ሲይዝ እንደሚያመው አይቼ፣ ቅባት አምጥቼ ሳልናገር ቀባሁት። እሱም ሳይናገር ተቀባ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተን አናውቅም። መኪናው ይሠራል። ማለዳ ማለዳ ሳያስነሳው በፊት ኮፈኑን ይከፍታል፤ ድሮ አይከፍትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጤፍ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ሰልፍ ላይ ቆሜ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ስለ ልጆች እናወራለን። ከፊቴ የነበረችው ሴት እህል አልቆ ወፍጮው ባዶውን ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። በየቀኑ ከፍ ይላል፤ ዕድሜዬን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ የማስታውሰው መንገድ መሐል ቆሜ ነው፤ አንድ እግሬ ባዶ፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዷል፣ አንድ ባጃጅ ፊቴ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል።

ባለ ወፍጮው አንዱን ጫማዬን ይዞ ወጣ። ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ ሁሉ ነገሩ ዱቄት ነው።

«መምህርት፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አልኩት።

አየኝ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ሞተሩን አዳመጠ። «እህሉ ስላለቀ ነው እኮ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ያንቺን ልጨምርበትና ይወርዳል። እዚሁ ሁኚ፤ እኔ አወጣልሻለሁ።»

ጫማዬን አደረግሁ። ድምፁ እስኪወርድ ድረስ ከመንገዱ ማዶ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።